ደወሉን የደወለው ወንድ ነበር

ዝናቡ አያባራም፤ ሙቀቱም ያፍናል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1903 ነው። በእስያ ምሥራቅ ጫፍ፣ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋው አንድ ጸሐፊ ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ይቆዝማል። አገሬ ነፃነት አታውቅም፣ ይህቺ ክፍልም ነፃነት አታውቅም ይላል። መተንፈስ ከብዶታል። በዚህ መሃል አንድ ወጣት ነጭ አውሮፓዊ በሐሳቡ ይመጣበታል። ሲጋራ በአፉ፣ ከዘራ በእጁ፣ ሚስቱና ልጆቹ በጎኑ። አንገቱን ቀና አድርጎ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በዋሽንግተን ጎዳናዎች ይንሸራሸራል። ምነው እኔም እዚያ በሆንኩ ይላል ጸሐፊው።

እንዲህ የሚጀምረው «የሴቶች ዓለም ደወል» የሚባል መጽሐፍ ነው። ደራሲው ጂን ቲያንሄ ይባላል። በቻይና ስለ ሴቶች መብት ብቻ ከተጻፉት መጻሕፍት ቀዳሚው ተብሎ ሲጠቀስ ኖሯል። እኔ ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ነው፤ ገና መግቢያው ላይም ቆምኩ። ሚስትየዋ ስም የላትም። አንዲት ቃል አትናገርም። በዚያ ጎዳና ላይ መሄድ ትፈልግ እንደሆነም አይነገረንም። ጸሐፊው የቀናው በእሷ አይደለም፣ በባሏ ነው። ስለ ሴቶች ነፃነት የተጻፈ መጽሐፍ፣ አንድ ወንድ በሌላ ወንድ ሲቀና ይጀምራል።

ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ግን መጽሐፉን አስቀምጬ አልሄድኩም። ጂንን ከልቤ አከብረዋለሁ። የምጽፈውም እሱን ለማጣጣል አይደለም። ከእሱ ጋር የተከራከሩትን ሴቶች ላስተዋውቃችሁ ስለምፈልግ ነው። እነሱን ለመረዳት ደግሞ መጀመሪያ እሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጂን ቲያንሄ የቶንግሊ ልጅ ነው። ቶንግሊ በጂያንግሱ ግዛት፣ ሱጆ ከተማ አጠገብ፣ ቤቶቿ በቦይ ዳር የተደረደሩ ትንሽ የውኃ ከተማ ናት። እንደ ዘመኑ ምሁራን የጥንቱን መጽሐፍ ሲቀጽል ያደገ ሰው ነው። ከዚያ ሻንጋይ ገባ። እዚያም «አገር ካልተለወጠ አንተርፍም» ከሚሉት ወጣቶች ጋር ገጠመ። በ1903 ዞው ሮንግ የሚባል ልጅ እግር ወጣት የንጉሡን ሥርዓት የሚያወግዝ ድርሰት ሲያሳትም፣ ገንዘብ ካዋጡት አንዱ ጂን ነበር። ዞው ሮንግ በዚያ ድርሰት ምክንያት ታስሮ እስር ቤት ሞተ። ጂን የራሱን መጽሐፍ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው። በብዕር ስሙ ራሱን «ነፃነት ወዳድ» ብሎ ይጠራ ነበር።

የዘመኑን ጭንቀት ካላስታወስን ጂንን በትክክል አንፈርደውም። ቻይና በ1895 በጃፓን ተሸንፋለች። በ1900 የስምንት አገር ጦር ቤጂንግ ገብቷል። በማግስቱ ዓመት 450 ሚሊዮን ታኤል (የቻይና የክብደት መለኪያ ነው) ጥሬ ብር ካሣ እንድትከፍል ተፈርዶባታል። የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ ምን ሆነን ነው እንዲህ የተዋረድነው? ታላቁ ለውጥ ፈላጊ ሊያንግ ቺቻው በ1897 መልስ ሰጠ። ከሕዝባችን ግማሹ፣ 200 ሚሊዮኑ ሴት፣ ተቀምጦ በላተኛ ነው፤ የሚያመርት የለም፤ ስለዚህ እናስተምራቸው አለ። ሐር የምትፈትለው፣ ሩዝ የምትተክለው፣ ልብስ የምትሸምነው ሴት በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለችም። ሹዌ ሻውሁዊ የምትባል ባለቅኔ በማግስቱ ዓመት ሴቶች ራሳቸው ባዘጋጁት የሻንጋይ ጋዜጣ ላይ ተነሳች። ሴቶች ከጥንት ጀምሮ የተማሩ፣ የጻፉ፣ የፈለሰፉ ናቸው፤ ባዶ ዕቃ አድርጋችሁ አትቁጠሩን ማለቷ ነበር። ድምፅዋ ግን የሊያንግን ያህል አልተሰማም።

ጂን ከሊያንግ በብዙ ይሻላል። ሴቶችን የሚጎዱትን አራት ነገሮች ይዘረዝራል፦ እግር ማሰር፣ ጌጥ፣ አጉል እምነትና ከቤት አለመውጣት። ስለ እግር ማሰር ስንሰማ ብዙዎቻችን ትንሽ ጫማ ነው የሚታየን። ነገሩ ጫማ አይደለም። አምስት ስድስት ዓመት የሆናትን ልጅ ይይዟታል። ከአውራ ጣቷ በስተቀር አራቱን ጣቶች ወደ ውስጥ እግሯ ያጥፉና በረጅም ጨርቅ ጠፍረው ያስራሉ። ጨርቁ በየጊዜው ይፈታል፣ እግሩ ይታጠባል፣ እንደገና ይታሰራል፤ በታሰረ ቁጥር ይጠብቃል። ጣቶቹ ይሰበራሉ፣ የእግሩ ቅስት ይጎብጣል። የሚመኙት ርዝመት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጨርቁን የምታጠብቀው ብዙ ጊዜ እናትየዋ ራሷ ናት። ልጇን ጠልታ አይደለም። እግሯ ያልታሰረ ልጅ ባል አታገኝም ብላ ነው። ባል ካላገኘች ደግሞ በዚያ ዓለም ሌላ መኖሪያ የላትም።

ቤተ መንግሥቱ በ1902 ይህ ልማድ እንዲቀር አዋጅ አውጥቷል። አዋጅ ግን እናትየዋ የምትፈራውን ነገር አያስቀርም። ጂን ይሄ የገባው ይመስለኛል። ጨርቁን ፍቱ ብቻ ብሎ አላቆመም። ስድስት መብቶችን አንድ በአንድ ጻፈ። የመማር መብት። ጓደኛ የመያዝ መብት። የመነገድና የመሥራት መብት። ንብረት የመያዝ መብት። ከቤት የመውጣትና የመግባት መብት። ባሏን ራሷ የመምረጥ መብት።

እስቲ እዚህ ዝርዝር ላይ ትንሽ እንቆይ። ጓደኛ የመያዝ መብት! ይህን መብት ብሎ ለመጻፍ የሴትን ውሎ አስተውሎ ማየት ይጠይቃል። ትምህርትን ሁሉም ይላል። ንብረትንም ብዙ ሰው ይላል። አንዲት ሴት ከባሏ ቤተሰብ ውጪ የምታወራት ሰው እንደሚያስፈልጋት፣ ማንም ሳይጠይቃት ከበር ወጥታ መመለስ እንዳለባት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ጂን ከዚህም አልፎ ሄዷል። አንድ ቀን የቻይና ሴቶች በጦር ሠራዊቱ፣ በገንዘብ ሚኒስቴሩ፣ በውጭ ጉዳዩ ቢገቡ፣ አልፎም አንዲቷ ፕሬዚዳንት ሆና ብትመረጥ ምኞቴ ነው ብሏል። ቻይና ያኔ ገና ንጉሠ ነገሥት ነበራት። ያለፉት ሁለት ምዕተ ዓመታት በነገሥታት ላይ የሚነሳ አብዮት ዘመን ነበሩ፤ ሃያኛው ግን የሴቶች መብት አብዮት ዘመን ይሆናል አለ። ይህን በ1903 ማለት ቀላል ድፍረት አይደለም።

ታዲያ ቅር የሚለኝ ምንድን ነው?

መጽሐፉን ስታነቡ ከጀርባው ሁሌ አንድ «ምክንያቱም» አለ። ሴቶች ይማሩ፣ ምክንያቱም አገር ትጠነክራለች። እግራቸው ይፈታ፣ ምክንያቱም ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። በ1904 «የሴቶች ዓለም» የሚባል መጽሔት ሲጀመር የመክፈቻውን ጽሑፍ የጻፈው ጂን ነው። እዚያ ላይ ነገሩን ፍርጥ አድርጎ አስቀመጠው። ሴት የዜጎች እናት ናት፤ ቻይናን ማደስ ከፈለጋችሁ ሴቶችን አድሱ፣ ቻይናን ማጠንከር ከፈለጋችሁ ሴቶችን አጠንክሩ አለ።

ለእኛ ጆሮ ይሄ አዲስ አይደለም። «ሴትን ማስተማር ኅብረተሰብን ማስተማር ነው» እየተባልን ነው ያደግነው። በየአዳራሹ ተሰቅሎ አንብበነዋል። በአስተማሪነት በሠራሁበት ዘመን የሴቶች ቀን ሲከበር አንድ የክብር እንግዳ ይህንኑ ይዘው ረጅም ንግግር አደረጉ። የተማረች እናት ልጆቿን እንዴት እንደምታሳድግ፣ ቤቷን እንዴት እንደምትይዝ፣ ለአገር ምን ዓይነት ዜጋ እንደምታፈራ ተናገሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከልባቸው ነው የተናገሩት። ሲያልቅ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ወንበር እየሰበሰብን ሳለ ጠጋ አለችኝ።

«ቲቸር፣ እኔ ልጅ ባልወልድስ?»

«ባትወልጂስ ምን?»

«የምማረው ለማን ይሆናል?»

ለራስሽ አልኳት። ፈገግ ብላ ወንበሯን አንስታ ሄደች። መልሱ እንዳላጠገባት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ልክ ናት። ከአንድ ሰዓት በላይ የሰማችው ንግግር ውስጥ «ለራስሽ» የሚል ነገር አልነበረም።

የዚችን ልጅ ጥያቄ የቻይና ሴቶች ጠይቀውታል። የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ ደግሞ ራሱ የጂን መጽሐፍ ውስጥ ናት። ሊን ዞንግሱ ትባላለች። የፉጂያን ግዛት ተወላጅ ናት፤ መቅድም እንድትጽፍለት ተደርጎ ጻፈች። ጂንን አወድሳዋለች፤ ስለ ነፃነት ከጻፈው ፈረንሳይኛ ጸሐፊ ፈላስፋ ጋር አመሳስላ፣ የቻይና ሴቶች ሩሶ ነው ብላዋለች። ግን እዚያው መቅድም ላይ፣ መብት ታግለው የሚወስዱት እንጂ ሌላው የሚለግሰው ነገር አይደለም ትላለች። ወንዶች ስለሰጡን ነፃ ከሆንን፣ ነገ ሲያሻቸው ይወስዱታል ማለቷ ነው። የሰውየውን መጽሐፍ እያስተዋወቀች፣ አንባቢዎቿን መጽሐፉን ብቻ ይዛችሁ እንዳትቀመጡ ስትል ታስጠነቅቃለች። ጂን ይህን ቆርጦ አላወጣውም፤ እንዳለ አትሞታል። አከብረዋለሁ ያልኩት አንዱ በዚህ ነው።

ሁለተኛዋ እንደ ሊን ለስላሳ አይደለችም። ሄ-ዪን ጄን ትባላለች። እሷም የጂያንግሱ ልጅ ናት፤ የተወለደችው በ1884 ነው። የአባቷ ቤተሰብ ስም ሄ ነው፣ የእናቷ ዪን። ሁለቱንም አጣምራ ትፈርም ነበር። እናት ልጅን ወልዳ ስሟ የትም የማይገባበት ሥርዓት ትክክል አይደለም ብላ ስለምታምን፣ መጀመሪያ በራሷ ፊርማ አስተካከለችው። በ1907 ከባሏ ከሊዩ ሺፔይ ጋር ቶኪዮ ሄደች። እዚያ «የሴቶችን መብት ማስመለሻ ማኅበር» መሠረተች። «ቲያንዪ» የሚባል የአናርኪስቶች፣ ማለትም ማንኛውንም መንግሥት የሚቃወሙ ሰዎች፣ መጽሔትም ታዘጋጅ ጀመር። ያኔ 23 ዓመቷ ገደማ ነበር። የኮሚኒስት ማኒፌስቶ ከፊሉ በቻይንኛ ታትሞ የተነበበው በዚህ መጽሔት ላይ ጭምር ነው።

ስለ ሴቶች ነፃነት በጻፈችው ረጅም ጽሑፍ ላይ የለውጥ ፈላጊዎቹን ወንዶች ልብ ትመረምራለች። ለምን ድንገት ሴቶችን ነፃ እናውጣ አሉ? ሦስት ምክንያት ታገኛለች። አንደኛ፣ ለስም ነው። አውሮፓና ጃፓን ኃያል ሆነው ስላዩ እነሱን መምሰል ያምራቸዋል። እግሯ ያልታሰረ፣ ትምህርት ቤት የሄደች ሚስት ይዞ መታየት ሠለጠነ ያሰኛል። ሁለተኛ፣ ለገንዘብ ነው። ኑሮ ተወዷል፣ የወንዱ ገቢ ብቻውን ቤት አያቆምም፤ ሚስትም ሠርታ ብታመጣ ይጠቅመዋል። ሦስተኛ፣ ለምቾት ነው። የተማረች ሚስት ቤቱን በሥርዓት ታስተዳድርለታለች፣ ልጆቹን አስተምራ ታሳድግለታለች። በሦስቱም ውስጥ ሴቲቱ ዕቃ ናት። ድሮ ቤት የሚቆለፍባት ዕቃ ነበረች፤ አሁን አደባባይ የምትታይ ዕቃ ሆነች።

ይህን ሳነብ ያ ሲጋራ የያዘው አውሮፓዊ ወዲያው ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሄ-ዪን ጂንን በስም አትጠራውም። ግን የገለጸችው ያንን ሰው ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን የወንዶቹ ልብ ምርመራ አይደለም። ሄ-ዪን ስለ የትኛዋ ሴት ነው የምታወሩት ብላ ትጠይቃለች። የጂንን መጽሐፍ የምታነበው ሴት ማንበብ የቻለች፣ ሠራተኛ ያላት ሴት ናት። የሰው ቤት ገረድ ሆና የተሸጠችውስ? ቁባት የሆነችውስ? ሻንጋይ ፋብሪካ ጥጥ ስትፈትል የምትውለውስ? ሴተኛ አዳሪዋስ? እነዚህ ከቤት መውጣት የሚባለውን መብት ማንም ሳይሰጣቸው፣ ረሃብ አስወጥቷቸዋል። ሥራ ያዙ ማለት ነፃ ወጡ ማለት አይደለም፤ ጌታቸው ተለወጠ እንጂ። ፊንላንድ በ1906 ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጥታ፣ በ1907 19 ሴቶች ምክር ቤት ገብተው ነበር። ዓለም ሁሉ ሲያደንቅ ሄ-ዪን አልተደሰተችም። ጥቂት ሴቶች ሥልጣን ላይ ወጥተው ብዙኃኑ ከታች ከቀሩ፣ ሴት በሴት ላይ ሠለጠነች እንጂ ምን ተገኘ የሚል ነው ክርክሯ።

እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ምክር ቤት የገባች ሴት ለውጥ ታመጣለች ብዬ አምናለሁ። ሕግ ማንም ያውጣው ማን፣ አንዲት ሴት የውርስ ድርሻዋን የምትጠይቅበት ወረቀት ሲኖራት እና ሳይኖራት አንድ አይደለም። ግን ገረዲቱን ረስቶ ስለ ሴት መብት የሚናገር ሰው ባየሁ ቁጥር ሄ-ዪንን አስባለሁ። ቤሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ከቤት ወጥተዋል። አገር ለቀዋል፣ ደሞዝ ይቀበላሉ፣ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። የብዙዎቹ ፓስፖርት ግን አሠሪያቸው እጅ ነው። መውጣትን ብቻ ነፃነት ብለን ብንቆጥር እነሱን ምን ልንላቸው ነው?

ሄ-ዪን ያወጣችው መግለጫም ፍላጎቷን በግልጽ ያስቀምጣል። አንድ ለአንድ ጋብቻ። ሴት የባሏን ስም አትያዝ፤ የአባቷንም የእናቷንም ስም ትያዝ። ወንድ ልጅና ሴት ልጅ እኩል ይታዩ፣ እኩል ያድጉ። ያልተስማሙ ባልና ሚስት ይፋቱ። ሴተኛ አዳሪ ቤት ይዘጋ። ከዚህ ውስጥ አንዱም «አገር እንዲጠነክር» የሚል ምክንያት አያስፈልገውም። ወንዶችን ተራ ደርሶን እንግዛ አላለችም። ማንም ማንን አይግዛ ነው ያለችው።

በዚያው በ1907 ክረምት ቺዩ ጂን የምትባል አብዮተኛ ተሰየፈች። እሷን ብዙ ሰው ያውቃታል፤ ባሏን ትታ፣ ጌጧን ሸጣ ጃፓን የተማረች፣ ሻንጋይ የሴቶች ጋዜጣ የጀመረች፣ በሻውሺንግ ከተማ በሐምሌ ወር አንገቷ የተቆረጠ ጀግና ናት። የእሷ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የሊን ዞንግሱ ማስጠንቀቂያ እውነት መሆኑ የታየው ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1911 አብዮቱ ሲነሳ ሴቶች ጦር አቋቁመው ዘመቱ፣ ቁስለኛ አስታመሙ፣ ገንዘብ ሰበሰቡ። ሪፐብሊክ ታወጀ። በጥር 1912 ሊን ራሷ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንቱን ሱን ያት-ሴንን አግኝታ ሴቶች የመምረጥ መብት ይኖራቸዋል የሚል ቃል ተቀበለች። ወዲያው ከዚህም ከዚያም ተጮኸ፣ ቃሉም ላላ። በመጋቢት የወጣው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት የሪፐብሊኩ ሕዝብ በዘር፣ በመደብ፣ በሃይማኖት ሳይለይ እኩል ነው ይላል። ፆታ የሚለው የለበትም።

ታንግ ቹንዪንግ የምትባል ታጋይ ጓደኞቿን አስከትላ ናንጂንግ የምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ገባች። ሴቶቹ ከአባላቱ መሃል ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ክርክሩን በጩኸት አቋረጡ። በሌላ ቀን ሲመለሱ አናስገባም ተባሉ፤ የመስኮቱን መስታወት አረገፉት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቤጂንግ ላይ ፓርቲዎች ተዋህደው ኩኦሚንታንግ ሲመሠረት፣ የፆታ እኩልነት ከፕሮግራሙ ተሰረዘ። ታንግ መድረክ ላይ ወጥታ የፓርቲውን መሪ ሶንግ ጂያዎረንን በጥፊ መታችው።

እናት ሆናችሁ አገር አጠንክሩ ሲባሉ የነበሩ ሴቶች፣ ሪፐብሊኩ ሲገኝ ወደ ቤታችሁ ተባሉ። አገር ለማጠንከር ተብሎ የተሰጠ መብት፣ አገር ጠነከረ በተባለ ቀን ይነጠቃል። እኔ ከዚህ ሁሉ ንባብ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። «ምክንያቱም» የሌለው መብት ነው የሚያዋጣው።

ሄ-ዪንም ይህን አስቀድማ አይታለች። የራሷ ሕይወት ግን አያስደስትም። በ1908 ከባሏ ጋር ወደ ቻይና ተመለሰች። ባሏም ለንጉሡ ባለሥልጣን አድሮ የቀድሞ ጓዶቹን ከዳ። እሷም አብራው ነበረች። ይህን ሳውቅ በጣም አዝኛለሁ። እሱ በ1919 ከሞተ በኋላ ዱካዋ ይጠፋል። አንዳንዱ መነኮሰች ይላል፣ አንዳንዱ አእምሮዋ ተነካ ይላል። ጽሑፎቿም ብዙ ዘመን በባሏ ጥላ ሥር ተቀበሩ። ያም ሆኖ የጻፈችው ጽሑፍ በኋላ ባደረገችው ነገር አይሰረዝም።

ጂን ረጅም ዕድሜ ኖሮ በ1947 ሞተ። ቶንግሊ ውስጥ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ለዚህ ሰው የምሰጠውን ክብር አልቀንስም። የመጀመሪያው ሰው ሁሉንም እንዲያይ አይጠበቅም። ስድስቱን መብቶች ጽፎ አስቀመጠ፤ ከእሱ ጋር የተከራከሩትም ያንን ይዘው ነው። ወንድ ሆኖ ስለ ሴት መብት የሚጽፍ ሰው ዛሬም ከእሱ አንድ ነገር ቢወስድ ደስ ይለኛል፤ የምትቃወመውን ሴት መቅድም መጽሐፉ ውስጥ ማስገባቱን።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። በስኮላርሺፕ ሄዳችሁ ቤጂንግ፣ ዉሃን፣ ናንጂንግ የተማራችሁ፣ ቻይንኛ የምታነቡ ልጆች ብዙ ናችሁ። የሊን ዞንግሱን መቅድምና የሄ-ዪንን መግለጫ በእንግሊዝኛ በኩል ሳይዞር፣ ከቻይንኛው ቀጥታ ወደ አማርኛ መልሱልን። ሁለቱም አጫጭር ናቸው። የሚጀምር ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ አማርኛውን አብሬ እሠራለሁ። ሲያልቅ መጀመሪያ የምልከው ለዚያች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ስልኳም አለኝ።